ኃይለኛው የሸኮ ኮርማ ለምን ይኮላሻል?

በሚዛን ተፈሪ ዙሪያና በሸኮ ወረዳ የቡና አገር የሚረባው የሸኮ ከብት ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ትንሽ ነው። ከአብዛኛው የአገራችን ከብት የሚለየው ግን ጀርባው ላይ ነው፤ ሻኛ የለውም፣ በኮርማው ላይ ቢታይም ከትንሽ ጉብታ አያልፍም። ቀንዱ አጭር ነው፤ ጭራሽ ቀንድ የማያበቅሉም አሉ። «ለላም ቀንዷ አይከብዳትም» የሚለው ተረት ለእነዚህ አይሠራም። ተመራማሪዎች ሸኮን የሚመድቡት ሻኛ ያለው የእስያ ዘር ሳይስፋፋ አፍሪካ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት ሻኛ አልባ ከብቶች ወገን ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ የእነዚያ የመጨረሻ ቅሪት አድርገው ይቆጥሩታል።

አርቢዎች ላሚቱን በወተቷ ያመሰግኗታል። የኮርማው ስም ግን ክፉ ነው፤ ሰው ይወጋል፣ በቀላሉ አይያዝም። ስለዚህ ብዙዎቹ ገና በወይፈንነታቸው ይኮላሻሉ። ቡርዲዞ የሚባለው ባለረጅም እጀታ መቆንጠጫ ቆዳውን ሳይቀድ ወደ ቆለጥ የሚወርደውን የዘር ቱቦና የደም ሥር ጨፍልቆ ይዘጋል፤ ደም ሳይፈስ በአፍታ ያልቃል። ላሞቹ ግን ኮርማ መፈለጋቸው አይቀርም፤ በጋራ ግጦሽ ላይ የሚያገኙት ገራሙን ባለሻኛ ነው። የመጀመሪያዋ ጥጃ ግማሽ ሸኮ ትሆናለች፣ የእሷ ልጅ ሩብ፣ የልጅ ልጇ አንድ ስምንተኛ። ዘሩን ወደ መጥፋት የሚገፋው እንግዲህ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ብቻ አይደለም። ጠባዩን በመፍራት የምንወስደው እርምጃም ነው፣ ይህ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

መጥፋቱ ለምን ያሳስባል ቢባል መልሱ ገንዲ ነው። በቆላ ዝንብ ንክሻ ደም ውስጥ የሚገባው ተባይ የከብቱን ቀይ የደም ሴል ይጨርሳል፤ ከብቱ እየበላ ይከሳል፣ ያስወርዳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ከ2000 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በጊቤ ሸለቆ ሸኮ፣ አቢጋር፣ ሆሮና ጉራጌ የተባሉት ዝርያዎች ዝንቡ ባለበት ቦታ ጎን ለጎን ተፈትነው ነበር። ተባዩ በሸኮ ደም ውስጥ የተገኘው ከሦስቱ ባነሰ ቁጥር ነው፤ የቀይ ደም መጠኑም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። መድኃኒት እያለ የከብቱ ዘር ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። መድኃኒቱ ይረዳል፣ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ተባዩ መድኃኒቱን መልመዱ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው በጊቤ ተመዝግቧል፤ መርፌውንም በየጊዜው መግዛት ለትንሽ ገበሬ ቀላል አይደለም።

የዘረመል ጥናት ደግሞ ሌላ ክርክር አስነስቷል፦ በዛሬው ሸኮ ውስጥ የባለሻኛው ደም ብዙ ነው፣ ታዲያ ንጹሕ ያልሆነን ዘር መጠበቅ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው ፍሬ ነገሩን ይስታል። የጊቤው ፈተና የተካሄደው በዚሁ ድብልቅ ደም ባለው ከብት ላይ ነው፤ ገንዲን የመቋቋም ችሎታው አሁንም እንዳለ ታይቷል። የሚያሳስበው ከዚህ በላይ መሟሸሹ ነው።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ የጠባይ ነው። ልጆች በሚጠብቁት መንጋ ውስጥ ዋጊ ኮርማ ማቆየት አደጋ ነው፤ ገበሬው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ሆኖም ጠባይ በምርጫ ይለወጣል። ዮርክሻየር ቴሪየር የሚባለው ትንሽ ውሻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች አይጥ ይገድል ነበር፤ ዛሬ የሳሎን ጌጥ ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሀደርስፊልድ ቤን የሚባል አንድ ወንድ ውሻ የዘሩ ሁሉ አባት ተብሎ ይጠራል። አንድ ወንድ ይህን ያህል ይሠራል። በእኛ ዘንድ ግን ገራሙም ኃይለኛውም ወይፈን እኩል ስለሚኮላሽ የሚመረጥ አይተርፍም። ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጅ የለመደና ከእኩዮቹ የረጋ ወይፈን ተለይቶ ቢቀር፣ ጎረቤቶች ተጋግዘው አስረው ቢቀልቡት፣ ላሞቹም ወደ እሱ ቢወሰዱ አደጋው ይቀንሳል። ይህን ለመጀመር ትልቅ የምርምር ጣቢያ መጠበቅ አያስፈልግም።

በቤንች ሸኮ ዞን ቡርዲዞ ይዛችሁ የምትወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ እጀታውን ከመጫናችሁ በፊት በቀበሌው ሌላ የሸኮ ኮርማ መኖሩን ጠይቁ።