«ካምቢዮው አልቋል» ሲሏችሁ

የቤት እንጀራ የሚወጣባት አሮጌ ፒክአፓችሁ ሞተሯ እየጮኸ መሄድ እምቢ ብላለች። መካኒኩም «አውቶማቲክ ካምቢዮው አልቋል፤ ሶማሌ ተራ ሌላ እንፈልግ» ይላችኋል። ኧረ ቆይ በሉት!

መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት እዩ። ብዙ ጊዜ የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ነው። ቀይ ሆኖ ከጎደለ የሚያፈስበትን አስደፍናችሁ መመሪያው የሚያዘውን ዘይት ጨምሩ፤ ምናልባት እዚያው ትገላገላላችሁ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ግን የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ሳይበሉ አልቀሩም። ከሥር ያለው የዘይት መያዣ ሲፈታ አብራችሁ ቁሙ፦ ስስ ብናኝ ያለ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ካያችሁ ማሳደስ ወይም መቀየር የግድ ነው።

ከቀየራችሁ የዘይት ማቀዝቀዣውንና ቱቦዎቹን አሳጥቡ። አለዚያ የአሮጌው ብናኝ በስንት ብር የገዛችሁትንም ይበላዋል።