በከዋክብት መካከል የሚመሠረቱ መንግሥታት፦ የሩቁን ጦር ማን ያዝዘዋል?

አዘና፦ አዘና ከሰባት ቤት አገው አንዱ ነው፤ በዚህ ምድር ፈረስ የክብር እንስሳ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረስ በዓድዋ ጦርነት የዋለውን ውለታ ይዘክራል።

በቀደመው ዘመን የንጉሥ ትእዛዝ ከፈረስ ሩጫ አይፈጥንም ነበር። ስለዚህም ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ሹም ዳኛም የጦር አዛዥም ሆኖ ይሾማል። ፊታውራሪ የፊተኛውን ጦር፣ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ የሚመራ ነበር፤ በሰላም ጊዜ ግን በእነዚሁ ማዕረጎች አገር ይተዳደር፣ ግብርም ይሰበሰብ ነበር።

የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን በከዋክብት መካከል መንግሥት ሲያቆሙ የሚገጥማቸው ጥያቄም ይኸው የርቀት ጥያቄ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ ከሆነው ኮከብ የሚነሣ ብርሃን እንኳ ምድር ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዚህ ፍጥነት የተላከ ትእዛዝ ሲደርስ ጦርነቱ አብቅቶ ሊሆን ይችላል።

የደራስያኑ መልስ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ውስጥ ፕላኔቶች ለታላላቅ ቤቶች እንደ ጉልት የተሰጡ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጦር ሲኖረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋኑን የሚያስከብረው «ሳርዳውካር» በተባለው አስፈሪ ሠራዊቱ ነው። የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. በ1966 መታየት የጀመረው «ስታር ትሬክ» በአንጻሩ በፈቃዳቸው የተባበሩ ዓለማትን ፌዴሬሽን ያሳያል። የጠፈር መርከቦቹ ቀዳሚ ተልእኮ ምርምር ቢሆንም መሣሪያ ታጥቀዋል። ከማዕከሉ የራቀ አዛዥ እንደ ጥንቱ ሹም ተደራዳሪም ተዋጊም ይሆናል።

ኡርሱላ ለ ጊን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ልብ ወለድ የዓለማቱ ኅብረት ወደ አዲስ ፕላኔት የሚልከው ጦር ሳይሆን አንድ መልእክተኛ ነው። ብቻውን የመጣ ሰው እንደ ወራሪ አይፈራምና።

«ስታር ዎርስ» ደግሞ ትልቁን ሥጋት ያሳያል። ምክር ቤቱ ራሱ ለአስቸኳይ ጊዜ ብሎ ለአንድ ሰው ሥልጣን ይሰጣል፤ ሰውየውም ያንኑ ሥልጣንና አዲሱን ጦር ይዞ ሪፐብሊኩን ወደ አምባገነን ግዛት ይለውጠዋል።

ታሪኮቹ በጠፈር ቢቀመጡም የሚመረምሩት የምድርን ጉዳይ ነው፤ ከማዕከል ርቆ የታጠቀ ኃይል ለማን ይታዘዛል? ሲያጠፋስ በሩቅ ያለው ነዋሪ አቤት የሚለው ለማን ነው?