ከጥላው ሥር

ከፋ ውስጥ አንድ የቡና ደን እንድገመግም ተጠርቼ ነበር። የጠሩኝ ሰዎች የሳተላይት ምስል ዘርግተው «ይኸው፣ አልተነካም» አሉኝ። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ገብቼ ሳየው ቀረሮውና ዋንዛው እውነትም ቆሟል። ከሥሩ ግን ከቡና በቀር ምንም የለም፤ ሐረጉ ተበጥሷል፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሯል፣ ከጣት የማይወፍር የቀረሮ ችግኝ በገጀራ ተቆርጦ እናቱ ግንድ ሥር ወድቋል። ሪፖርቱ «ደኑ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ተብሎ ጸደቀ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ጥላው እስካለ ደኑ አለ ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። አርሶ አደሩ ቢለው አልፈርድበትም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በቡናው ነው። ባለሙያ ሲለው ግን ያመኛል። ከለቀማ በፊት በየዓመቱ የሚመነጠር ደን ችግኝ አያሳድግም። የዛሬው ቀረሮ አርጅቶ ሲወድቅ ተተኪ የለውም፤ ልጅ የጠፋበት የሽማግሌዎች ቤት ነው።

ገተሜን እንኳ ብንወስድ፣ የከፋና የሸካ ነጭ ማር ከአበባው ነው የሚመጣው። ይህ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ተሸካሚው ከጠፋ ገተሜውም ማሩም የለም። ኮረሪማውና ጥምዙማ ከምንጣሮው ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ቡናውስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ሲታይ፣ የጅማ ተመራማሪዎች መፍትሔ የፈለጉት በደቡብ ምዕራብ ደኖች ነበር። ዛሬ በየማሳው ያለው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 መቱ አካባቢ ከተመረጠች አንዲት እናት ዛፍ ነው። አሁን ደግሞ የደኑን ቡና ነቅለን የተሻሻለ ችግኝ እንተክልበታለን። የሚቀጥለው በሽታ ሲመጣ ዘር ፍለጋ የት ልንሄድ ነው?

ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዘገቡ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ እምብርቱ አይነካም፣ ቡናና ማር በዙሪያው ካለው መከለያ ይሰበሰባል። የመከለያው ምንጣሮ ቀስ በቀስ ወደ እምብርቱ ሲገባ ሳተላይቱ አያየውም፤ የሚያየው አናቱን ብቻ ነው።

ባልደረቦቼ፣ ደን ስትገመግሙ ጎንበስ በሉ። የቀረሮውን፣ የጥቁር እንጨቱንና የሰሳውን ችግኝ ቁጠሩ። የችግኝ ቆጠራ የሌለበት ሪፖርት ላይ አትፈርሙ።