የመስታወት ስብርባሪ ከመኪና ማሞቂያ ውስጥ እንዴት ይወጣል?

ለማስተማር ልምምድም ሆነ ለቤተሰብ ጥየቃ ከአሶሳ ወጥተን ወደ ባምባሲ፣ ወደ ሆሞሻ፣ ወደ መንጌ ወይም ወደ ኩርሙክ አቅጣጫ የምንጓዝ ሁሉ ጠጠር መንገድ እንግዳችን አይደለም። ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ጎማ ያስፈነጠረው ድንጋይ መስታወት ሲሰብር ያየን ብዙዎች ነን። መስታወቱ ይቀየራል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ከስብርባሪው ከፊሉ ዓይን በማያየው ሥፍራ ተደብቆ ይቀራል፤ ይኸውም በማሞቂያው የአየር መውጫ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ሳያስብ ቬንቲሌተሩን የከፈተ ዕለት ያ ስብርባሪ በቀጥታ ወደ ፊት፣ ወደ ዓይን ይተፋል። የሚያሽከረክር ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ አደጋው የእሱ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪው ሁሉ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ነገሩ ለምን እንደሚደርስና እንዴት እንደሚጸዳ ለማብራራት እንሞክራለን።

«እዚህ አገር ማሞቂያ ለምኔ?»

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አሶሳ ሞቃት ነው፤ ማሞቂያ ማን ይከፍታል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። ሙቁም ሆነ ቀዝቃዛው አየር የሚያልፈው በአንድ ቱቦ ነው። በበጋ ለቅዝቃዜ፣ በክረምት ደግሞ የፊት መስታወቱን የሸፈነውን ጉም ለመግፈፍ የምንከፍተው ያንኑ ነው። በተለይ ዝናብ ሲወርድ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው ተጨናንቆ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ሲደበዝዝ ሹፌሩ መጀመሪያ የሚነካው ይህንኑ ቁልፍ ነው።

መስታወቱ ለምን እንዲህ ይበታተናል?

የመኪና መስታወት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሙቀት የጠነከረ የሚባለው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በጎንና በኋላ የሚገጠም ነው። ሲሠራ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በኃይለኛ አየር በድንገት ይቀዘቅዛል። ላዩ ቀድሞ ስለሚደርቅና ውስጡ ዘግይቶ ስለሚሰበሰብ፣ ላዩ እንደ ተጨመቀ፣ ውስጡ እንደ ተወጠረ ይቀራል። ይህ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ውጥረቱ በአንድ ነጥብ ከተበጠሰ ግን መላው መስታወት በቅጽበት እንደ በቆሎ ፍሬ ይበታተናል። ፍሬዎቹ እንደ ተራ መስታወት ረጃጅም ስለት ባይኖራቸውም በመካከላቸው ደቃቅና ስለታም ፍንጣሪ አይጠፋም።

ሁለተኛው የተነባበረው መስታወት ነው፤ የዛሬ መኪኖች የፊት መስታወት ይኸው ነው። ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው ባለ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተጣብቀው ይሠራሉ፤ ስለዚህ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነው ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤድዋር ቤኔዲክቱስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ወድቆ የተሰነጠቀ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ቅርጹን ሳይለቅ መቅረቱን ተመለከተ፤ ምክንያቱም ውስጡ የነበረው ኬሚካል ደርቆ እንደ ስስ ቆዳ ይዞት ነበር። በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ያም ሆኖ የተሰነጠቀው የፊት መስታወት ተነቅሎ ሲወጣ ከጠርዙ ደቃቅ ፍንጣሪ ይረግፋል፤ የሚረግፈውም በትክክል ከሥሩ ባለው የአየር መውጫ ላይ ነው።

አየሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

አሠራሩን ያላወቀ ሰው ማጽዳቱንም አያውቅበትም። አየሩ በመጀመሪያ የሚገባው ከውጭ፣ ከኮፈኑ ጫፍና ከፊት መስታወቱ መካከል ባለው ወንፊት መሰል ቀዳዳ ነው። ከዚያ ወደ ቬንቲሌተሩ ይወርዳል። በብዙ መኪኖች ላይ በመንገዱ ማጣሪያ ያገኛል፤ በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ግን ማጣሪያ የለም። ቬንቲሌተሩ አየሩን ይገፋና የሞተሩ የሞቀ ውሃ በሚዘዋወርበት ትንሽ ራዲያተር በኩል ወይም በጎኑ ያሳልፈዋል። በመጨረሻ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ክዳኖች ወደ መስታወት፣ ወደ ፊት ወይም ወደ እግር ይመሩታል።

ከዚህ የምንረዳው ስብርባሪው የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት መሆናቸውን ነው። ከውስጥ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ባሉት መውጫዎች ወድቆ በቱቦው መታጠፊያና በክዳኖቹ ላይ ይቀመጣል። ከውጭ ደግሞ በወንፊቱ ገብቶ ማጣሪያው ላይ ወይም ቬንቲሌተሩ ውስጥ ያርፋል። ቬንቲሌተሩ ሲከፈት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደ ተናወጠ ያለ ድምፅ ከተሰማ የገባው በሁለተኛው መንገድ ነው ማለት ነው።

የማጽዳቱ ቅደም ተከተል

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከሁሉ የሚሻለው የተሰበረው መስታወት ከመነቀሉ በፊት መውጫዎቹን ሁሉ በፕላስተር መሸፈን ነው። ይህ ካልተደረገ ግን የሚከተለው ይፈጸማል።

ሀ/ ቬንቲሌተሩ አይከፈትም። ሞተር ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ ዜሮ ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። የሚያጸዳው ሰው የዓይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ጓንት ያድርግ።

ለ/ ከላይ ወደ ታች ይጸዳል፤ መጀመሪያ ዳሽቦርዱ፣ ቀጥሎ ወንበሩ፣ በመጨረሻ ወለሉ። ዳሽቦርዱን በመጥረጊያ ወደ መስታወቱ አቅጣጫ መጥረግ ግን ስብርባሪውን በገዛ እጅ ወደ ቀዳዳው መክተት ነው።

ሐ/ የአየር መውጫዎቹ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ይሳባሉ። የመጥረጊያው አፍ ለጠባቡ ቀዳዳ ስለማይሆን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በፕላስተር ይታሰርበታል። መጥረጊያ ከሌለ በቀጭን ተጣጣፊ ዘንግ ጫፍ ላይ ፕላስተር የሚያጣብቀውን ገጽ ወደ ውጭ አድርጎ መጠቅለል፣ ማስገባት፣ ማስነካትና ማውጣት ይቻላል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሠራል።

መ/ ኮፈኑ ተከፍቶ በፊት መስታወቱ ሥር ያለው ወንፊት ይጸዳል። እዚያ የሚከማቸው ቅጠልና ስብርባሪ የዝናብ ውሃ መውረጃውንም ይደፍናል፤ የተደፈነ እንደ ሆነ ውሃው ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል።

ሠ/ ማጣሪያ ካለ በቀስታ፣ ሳይዘቀዘቅ ይወጣል፤ ስብርባሪ ካለበት በአዲስ ቢተካ ይሻላል። የቬንቲሌተሩ ሞተር በብዙ መኪኖች ላይ ከዳሽቦርዱ ሥር በተሳፋሪው በኩል ይገኛል፤ በካቻቢቴ ተፈትቶ ወደ ታች ይወጣና በክንፎቹ መካከል ያለው ስብርባሪ በፒንሳ ይለቀማል። ከዚህ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ መፈታት አለበት። የአደጋ መከላከያ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ሥራው የመካኒክ ነው፤ እኛ እጃችንን አናስገባም።

ረ/ በመጨረሻ ሙከራ ይደረጋል። ስስ እርጥብ ጨርቅ በመውጫዎቹ ሁሉ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ሰው ሁሉ ይወርዳል። መጀመሪያ አየሩ ወደ እግር እንዲሄድ ተደርጎ፣ ፊትን አዙሮ ከውጭ በእጅ ቬንቲሌተሩ ይከፈታል፤ ከአንደኛው ፍጥነት ጀምሮ እስከ ከፍተኛው ይደረሳል። ቀጥሎ ወደ መስታወት፣ ከዚያ ወደ ፊት። ጨርቁ በባትሪ ብርሃን ይታያል፤ የሚያብለጨልጭ ነገር እስኪጠፋ ድረስ ይደጋገማል።

ብዙ ሰው «ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕሬሰር ላስነፋው» ይላል። ከላይ ወደ ታች የሚነፋ ኃይለኛ አየር ስብርባሪውን አያወጣውም፤ ይልቁንም ወደ ራዲያተሩ ጥርሶች መካከል ያስገባዋል። መሳብ እንጂ መንፋት መጀመሪያ አይደለም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልጠፋ ዳሽቦርዱን የሚያወርድ መካኒክ ያስፈልጋል።

ዓይን ውስጥ ቢገባስ?

ማሸት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ማሸት ፍንጣሪውን ቢላዋ ያደርገዋል። ያልተጣበቀ ደቃቅ ነገር ከሆነ ንጹሕ ውሃ በቀስታ እያፈሰሱ ማጠብ ይቻላል። የተሰካ ከሆነ ግን አይነቀልም፣ አይታጠብም፣ አይጫንም። ዓይኑን በማይነካ ንጹሕ ነገር፣ ለምሳሌ በወረቀት ኩባያ፣ ይከለላል። ሁለቱ ዓይኖች አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ደህነኛውም በጨርቅ ይሸፈንና በሽተኛው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ለመምህርነታችን ምን ይጠቅመናል?

ነገ ገጠር ገብተን ስለ አየር ግፊት ስናስተምር ይህን በቀላል መርጃ መሣሪያ ማሳየት እንችላለን። አንድ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ እናጥፍና በመታጠፊያው ላይ ጥቂት ጤፍና የማሽላ ፍሬ እናስቀምጥ። (መስታወት በምንም ምክንያት ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ተማሪዎችም በአፋቸው አይስቡም፤ የሚነፋው መምህሩ ብቻ ነው።) በቀስታ ስንነፋ ጤፉ ይሄዳል፣ ማሽላው ይቀራል። በኃይል ስንነፋ ማሽላውም ተነሥቶ ይወጣል። የአየሩ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል ማለት ነው። በአንደኛው ፍጥነት ለሳምንታት ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ስብርባሪ በአራተኛው ፍጥነት በድንገት የሚወረወረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መስታወቱ በቅርቡ በተቀየረ መኪና የምንሳፈር ከሆነ፣ ወንበር ከመያዛችን በፊት ሹፌሩን በትሕትና «ጋሼ፣ ማሞቂያው ተጸድቷል? በከፍተኛው ተሞክሯል?» ብለን እንጠይቅ። አልተሞከረም ካለን እስኪሞከር ድረስ ውጭ ቆመን እንጠብቅ።