የወፍ ጉንፋን በላም ግት ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ሰሜናዊ ጫፍ ያሉ ወተት አምራቾች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ጥገት ላሞቻቸው መኖ ቀነሱ፤ እንደ ወትሮው ማመንዠክ ተዉ፤ ወተታቸው በድንገት ጎደለ። የሚታለበውም ወፍሮና ቢጫ ሆኖ ገና የወለደች ላም እንገር መሰለ። የታመሙትን ላሞች ጥሬ ወተት የጠጡ የበረት ድመቶች ደግሞ ዓይናቸው እየጠፋ፣ እየተንገዳገዱ ሞቱ። በአንድ እርባታ ከነበሩት 24 ያህል ድመቶች ከግማሽ በላዩ አለቁ። ማርች 25 ቀን የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርመራውን ውጤት ይፋ አደረገ፦ ኤች5ኤን1፣ የወፍ ጉንፋን።

ቫይረሱ አዲስ አይደለም። የዘር ግንዱ በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ ከታመመ ዝይ ይመዘዛል። በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን አሞ 6ቱን ገድሏል። ኋላ በዱር አእዋፍ ተጉዞ በ2021 መገባደጃ ሰሜን አሜሪካ ገባ። ላም ግን በዚህ በሽታ ትጠረጠር አልነበረም። የዘረመል ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ2023 መጨረሻ ገደማ ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከወፍ ወደ ላም ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ ከላም ወደ ላም እየተላለፈ፣ ላሞቹ በመኪና ሲጓጓዙ አብሮ ከክልል ክልል ሄደ።

ዋናው ነገር ያለው ግት ላይ ነው። ጉንፋን ሲባል ሳልና አፍንጫ ይታሰበናል፤ በላሟ ላይ ግን ቫይረሱ የሚበረታው ወተት በሚያመነጨው አካል ውስጥ ነው። የግቷ ሕዋሳት የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የሚጣበቅባቸውን ተቀባዮች በብዛት ይዘዋል። ስለዚህ ከታመመች ላም በሚታለብ አንድ ሚሊ ሊትር ጥሬ ወተት ውስጥ ቫይረሱ በሚሊዮን ሊቆጠር ይችላል። ከአንዷ ላም ጡት ወጥቶ ለቀጣይዋ የሚገጠመው የማለቢያ ማሽን በሽታውን ያዳርሳል፤ የሚፈናጠቀው ወተት ደግሞ የአላቢውን ዓይን ያገኛል። በአሜሪካ እስከ 2025 አጋማሽ ከተመዘገቡት 70 የሰው ሕሙማን 41ዱ ከወተት ላሞች ጋር የተያያዙ ናቸው። አብዛኞቹ ዓይናቸው ቀልቶ ቀለል ባለ ሕመም አልፎላቸዋል፤ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍም አልታየም። ቢሆንም ስለ ወተት ደኅንነት ሲወራ ከጠጪው በፊት መታሰብ የሚገባው ያለ ዓይን መከላከያ የሚያልበው ሠራተኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኤፕሪል 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከሱቅ የተገዛ ወተት ሲመረምር ከአምስት ናሙና በአንዱ የቫይረሱን የዘረመል ቅሪት አገኘ። ብዙ ቤተሰብ ደነገጠ። ሆኖም ያ ምርመራ የሚናገረው ቫይረሱ በወተቱ ውስጥ እንደነበረ እንጂ በሕይወት እንዳለ አይደለም፤ በሙቀት የሞተ ቫይረስም ስብርባሪውን ይተዋል። ሕያውነቱን ለመለየት ናሙናው ጽንስ በያዘ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ይወጋና ቫይረሱ ይራባ እንደሆነ ይታያል። በ297 ናሙናዎች ምርመራ አንድም ሕያው ቫይረስ አልተገኘም።

ፓስቸራይዝ ማድረግ ማለት ወተቱን ቢያንስ በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ፣ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ነው። በቤተ ሙከራ፣ በትንንሽ ቱቦዎች የተደረገ አንድ ቀደምት ሙከራ ግን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ከሞቀ ወተት ጥቂት ቫይረስ ሊተርፍ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። በዝምታ የሚታለፍ ውጤት አልነበረም። ተመራማሪዎችም የፋብሪካውን አሠራር በሚመስል፣ ወተት እየፈሰሰ በሚሞቅበት መሣሪያ ደግመው ፈተኑት። ወተቱ 15 ሰከንዱን የሚቆይበት ቱቦ ጋ ከመድረሱ በፊት ቫይረሱ ሞቶ ተገኘ።

አደጋው ያለው ጥሬው ወተት ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,000 ገደማ የወተት እርባታዎች ከ700 በላዩ ሲያዙ፣ ግዛቷም በዲሴምበር 2024 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታውጅ፣ ለገበያ በቀረበ ጥሬ ወተት ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቶ ወተቱ ከሱቅ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ማቀዝቀዣም አይታደግም፤ ቫይረሱ በቀዝቃዛ ጥሬ ወተት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳዩት ብዙም ባልኮመጠጠ የጥሬ ወተት ቺዝ ውስጥ እስከ 120 ቀን ሰንብቷል።

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች፣ እንደ አገር ቤቱ የሚረጋ እርጎ ፍለጋ ከገበሬ ጥሬ ወተት የምትገዙ ካላችሁ፣ እባካችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙትና ከዚያ አርጉት። መርጋት ማፍላትን አይተካም። የላሞቹ ወረርሽኝ ዜና ከአሜሪካ ቢሆንም አገር ቤት ላለነውም ጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያመጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ከ72ቱ በብዙ ይበልጣል። ለልጅ የሚሰጥ ወተት እስኪገነፍል ይፍላ።