የማያም የመንጋጋ እብጠት

ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊቱ እስኪነጋ እንኳ አይታገስም። መንጋጋው ቀስ እያለ ሲያብጥና ሳያመው ሲቀር ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። አሜሎብላስቶማ የሚባለው ዕጢ የሚያድገው በዚህ መሃል ነው።

ዕጢው የሚነሣው የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ከሚሠሩት ሕዋሳት ወገን ነው። ከአምስት ታማሚዎች በአራቱ ገደማ የሚወጣው በታችኛው መንጋጋ ላይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ኋላ፣ የአእምሮ ጥርስ በሚበቅልበት አካባቢ ነው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሰራጨው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ከካንሰር አይቆጠርም። ቢሆንም አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ይለጥጠዋል፣ ጥርስ ያነቃንቃል፣ ፊት ያጣምማል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ጥርሱ ስለተነቃነቀ ብቻ ተነቅሎለት፣ ራጅ ሳይነሣ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ነው።

ራጁ ላይ ዕጢው ብዙ ጊዜ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ ጥቁር ቦታ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን በውኃ የተሞሉ የመንጋጋ ከረጢቶችም ሊመስሉት ይችላሉ። ስለዚህ ከእብጠቱ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ይህ የማይታለፍ ነው፤ ምክንያቱም ሕክምናው እንደ ዕጢው ማንነት ይለያያል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት የለየው የሕፃናት የመንጋጋ ዕጢ በቀናትና በሳምንታት ያብጣል፤ የሚድነውም በቢላ ሳይሆን በኬሞቴራፒ ነው።

አሜሎብላስቶማ ግን ዋና መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ዕጢውን ፍቆ ማውጣት ለታማሚው ቀላል ቢመስልም፣ ሕዋሳቱ በዓይን ከሚታየው ጠርዝ አልፈው በአጥንቱ ውስጥ ስለሚሸሸጉ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሞች ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አጥንት ጨምረው ይቆርጣሉ። ባለ አንድ ከረጢት የሆነው ዓይነት አንዳንዴ ቀለል ባለ ቀዶ ሕክምና ይታከማል።

«መንጋጋዬ ይቆረጣል» የሚለው ፍርሃት ከባድ ነው። የተቆረጠው ግን ሊተካ ይችላል፤ ከእግር ላይ ቀጭኗ አጥንት ከነደም ሥሯ ተወስዳ በመንጋጋ ቅርጽ ትበጃለች። የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው ትልቁ አጥንት ስለሆነ ታማሚው ይራመዳል፤ በኋላም በአዲሱ መንጋጋ ላይ ጥርስ ሊተከል ይችላል።

ዕጢው ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ ምንም ሳያም እንኳ የራጅ ክትትሉ አይቋረጥም።