የኩብኩባ ሰልፍ እንዴት ይለካል?

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም በአፋር ቆላ የተራባው የበረሃ አንበጣ ግጦሹን ጎድቶ ወደ ወሎ ማሳዎች መሻገሩ ይታወሳል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በአንድ ቀንም የ35 ሺህ ሰው ቀለብ የሚያህል ሊበላ ይችላል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው ሸለቆ ለሚኖረው አርብቶ አደርና አርሶ አደር ግን አንገብጋቢው ጥያቄ ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ተበታትኖ የሚኖረው አንበጣ መቼ እንደ አንድ አካል መጓዝ እንደሚጀምር ነው።

ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት በአቅጣጫ ነው። ክንፍ ያላወጣውን ኩብኩባ ከላይ በካሜራ ይቀርጹና እያንዳንዱ ወዴት እንደሚያመራ በኮምፒውተር ይከታተላሉ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካመሩ ውጤቱ 1 ይሆናል፤ በየፊናቸው ከሄዱ ወደ 0 ይጠጋል። አመሻሽ ላይ ወደ አዋሽ ወንዝ የሚወርድ የፍየል መንጋ ለ1 ይቀርባል፤ ያው መንጋ በቁጥቋጦ መካከል ተበትኖ ቅጠል ሲቀነጥብ ለ0።

እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ኩብኩባዎችን በክብ መድረክ ውስጥ አስገብቶ ለስምንት ሰዓታት ተከታትሏል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ17 በታች ሲሆኑ ሥርዓት አልታየባቸውም። ከ25 እስከ 60 ሲደርሱ ለረጅም ጊዜ አብረው ይጓዙና ድንገት ሁሉም ፊታቸውን ያዞራሉ። ከ74 ሲያልፉ ግን ሰልፉ አቅጣጫውን ሳይለውጥ ይጎርፋል። መሪ የሚባል የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት አንዱን ምክንያት ደርሶበታል፦ የኋለኛው የፊተኛውን ስለሚነክስ የቆመ ይበላል። ሰልፍ መስሎ የሚታየው በከፊል ሽሽት ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን ሁሉን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኬንያ የመስክ ምልከታ ተጀምሮ በ2025 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ኩብኩባ የጎረቤቱን አቅጣጫ እንዲሁ እንደማይቀዳ አመልክቷል። በኮምፒውተር በተፈጠሩ፣ ጎን ለጎን በሚጓዙ ሁለት መንጋዎች መካከል ሲደረግ አብሯቸው ከመጓዝ ይልቅ ወደ አንደኛው ዞሮ ሄዷል። የሚመራው ዐይኑ ነው።

ኩብኩባ ክንፍ እስኪያወጣ አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በእግሩ በሚጓዝበት በዚህ ጊዜ መድኃኒት ረጭቶ መቆጣጠር ይቀላል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ የሚደርሰው ጥቆማ «አንበጣ ታየ» ከማለት አልፎ፣ በአንድ እርምጃ ስፋት ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚያመራና ቀለሙ ምን እንደሆነ ቢገልጽ ለሥራው ይረዳል። አረንጓዴው ለብቻው የሚኖረው ነው፤ ጥቁርና ቢጫ የሆነው መሰባሰብ የጀመረው ነው።